ከክሩስኮቶው ጀርባ፦ የአንዲት ትንሽ መብራት ታሪክ በጅቡቲ መንገድ

ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ኢትዮጵያ የሚጓዙ ብዙ የከባድ መኪና ሾፌሮችም በዚህ ወቅት ከወደቡ ጭነው ከወጡ በኋላ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠብቀው መንቀሳቀስን ይመርጣሉ። ጎማው፣ ራዲያተሩና የሰውየው አካል ጭምር የሌሊቱን ቀዝቃዛ አየር ይሻሉና። ስለዚህም በከተማችንና በጋላፊ ኬላ መካከል ያለው መንገድ፣ ከዚያም ወዲያ እስከ ሎጊያና ሚሌ የሚዘልቀው በረሃ፣ በአመዛኙ የሌሊት መንገድ ነው።

የሌሊት ሾፌር ሁለት መብራት አለው። አንደኛው ከፊት ለፊት መንገዱን የሚያሳየው ሲሆን፣ ስለዚህኛው ብዙ ይነገራል፤ ፓውዛ ጨምሮ የሚያስገጥም፣ የሌላውን ዓይን የሚያሳውር፣ በትራፊክ ፖሊስ የሚቀጣም አለ። ሁለተኛው ግን ከመሪው ጀርባ ተደብቆ የሞተሩን ሙቀት፣ የዘይቱን ግፊት፣ የነዳጁንና የአየሩን መጠን የሚያሳየው ትንሹ መብራት ነው። ይህኛው ሲደበዝዝ የሚጮህለት የለም። ባለመኪናው ቀስ በቀስ ይለማመደዋል፤ አንገቱን አቅርቦ ያነብባል፤ በመጨረሻም ማንበቡን ይተወዋል። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በዊአ በኩል ሽቅብ ሲወጣ የሙቀት ጌጁ ቀይ መሥመር ላይ መድረሱን ያላየ ሰው ግን፣ ከዲኪል ወዲያ ውሃም መካኒክም በሌለበት ሜዳ ላይ ሞተሩን አቃጥሎ ሲነጋ ሊገኝ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ በሌሊት የቆመ ተሳቢ ደግሞ ለሚከተለው መኪና ምን ማለት እንደሆነ የመንገዱ ሰዎች ያውቁታል።

የዚህችን ትንሽ መብራት ታሪክ ለማውራት ከስሟ መጀመር ሳይሻል አይቀርም። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየገለበጠ የሚኖር ሰው ቃል ሲያጋጥመው ማለፍ አይሆንለትምና አንባቢ ይታገሠኝ። በኢትዮጵያ ያሉ የመኪና ባለሙያዎች የመሣሪያውን ገበታ «ክሩስኮቶ» ይሉታል፤ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ማርሽ፣ ፓራፋንጎ የሚሉትም ከዚያው ጋራዥ የወጡ ቃላት ናቸው። ትንሿ አምፖል ራሷ በብዙ አፍ «ላምፓዲና» ነች፤ በጣሊያንኛ «ትንሽ መብራት» ማለት ነው። አዲስ አበቤው በእንግሊዝኛው «ዳሽቦርድ» ማለትን እየለመደ መጥቷል። ይህ ቃል በመጀመሪያ የፈረስ ጋሪ ላይ የነበረና ከፈረሱ ኮቴ የሚፈናጠረውን ጭቃ የሚከላከል ሳንቃ ስም ነበር። ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ፈረንሳይኛው «ታብሎ ደ ቦር» ይሠራል። «ቦር» የመርከብ ጎን ነው፤ ለወደብ ከተማ የሚስማማ ስያሜ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ተሽከርካሪ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ገበታው ሦስት ጊዜ ስሙን ይለውጣል። ከጋሪው፣ ከመርከቡና ከጣሊያን ካምዮን የመጡት ሦስት ታሪኮችም አንድ ላይ ይጓዛሉ።

በ1907 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘች መኪና ይዞ በጅቡቲ በኩል ወደ አፄ ምኒልክ ጉዞ ጀመረ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም፤ እዚያ የደረሰው በ1902 ሲሆን አዲስ አበባን ለመርገጥ እስከ 1917 መጠበቅ ነበረበት። ቤንትሊ በረሃውንና ዳገቱን ለወራት ታግሎ በዓመቱ መጨረሻ ዋና ከተማው ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመኪናዋ ተቀመጡ። ጉዞው ክሊፎርድ ሃሌ በተባለ ጸሐፊ በ1913 በመጽሐፍ መልክ ወጥቷል።

የዚያ ዘመን መኪኖች የፊት መብራት ካርባይድ ላይ ውሃ በማንጠባጠብ በሚገኝ አሴቲሊን የሚባል ጋዝ የሚነድ ፋኖስ ነበር። የጎኑና የኋላው መብራት ደግሞ ከእኛ ኩራዝና ማሾ እምብዛም የማይለይ፣ በላምባ የሚበራ ነው። ለመሣሪያው ገበታ የተለየ መብራት አልነበረም። ሾፌሩ ሌሊት አንዳች ነገር ማየት ቢያስፈልገው ክብሪት ይጭር ነበር። ኤሌክትሪክ የመኪናው ሙሉ አካል የሆነው ካዲላክ በ1912 ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌክትሪክ ሞተር ማስነሻና መብራት በአንድነት ይዞ ከወጣ ወዲህ ነው። ባትሪና ዲናሞ አንዴ ከገቡ በኋላ ከገበታው በላይ ወይም ከጀርባው አንዲት አምፖል ማድረግ ቀላል ሆነ። ከዚያ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት በራዲየም የተቀቡ፣ በራሳቸው የሚያበሩ ቁጥሮችም በአውሮፕላንና በወታደር መሣሪያዎች ላይ ታዩ። በአሜሪካ ቀለሙን በብሩሽ ይቀቡ የነበሩ፣ የብሩሹንም ጫፍ በከንፈራቸው ያሾሉ የነበሩ ሴት ሠራተኞች በመመረዝ እየሞቱ ለፍርድ ቤት እስኪቀርቡ ድረስ ጉዳቱ በሰፊው አልታወቀም ነበር። ቁጥር እንዲነበብ ብቻ የተከፈለው ዋጋ ሲታሰብ ይዘገንናል።

ወደ እኛ ቀጣና ከባድ መኪናን በብዛት ያስገባው ከ1936 እስከ 1941 የቆየው የፋሺስት ወረራ ነው። ጣሊያኖች ከአሰብ ደሴ የሚያደርሰውን መንገድ ሲሠሩ ፊያትና ላንቻ ካምዮኖቻቸው ቋንቋቸውን ይዘው መጡ። ወራሪው ተባርሮ ቋንቋው ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ ሾፌር ልብ ያረፈበት ፊያት 682 ኤንትሬ ነበር። የኤንትሬን ክሩስኮቶ ያዩ ሰዎች ትልልቅ ክብ ጌጆቹን አይረሱም፤ መብራቱ ግን በመኪናው ግዙፍነት ልክ አልነበረም። ያንን ደብዛዛ ቢጫ ብርሃን በዘመኑ እንደ ጉድለት የቆጠረው ሰው እምብዛም አልነበረም። መኪና ማለት እንደዚያ ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

ጅቡቲ በዚያ ዘመን ከሁሉ በፊት የባቡር ከተማ ነበረች። የጭነት መኪናው መንገድ አሰብ ነበር፤ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ በአብዛኛው በሐዲድ ነው የሚሄደው። ከተማዋ ውስጥ የሚዞሩት የፈረንሳይ መኪኖች፣ በተለይም ፔጆ 404 እና 504፣ ከካምዮኖቹ በተለየ 12 ቮልት የሚጠቀሙ ነበሩ። ታሪኩን የለወጠው ግንቦት 1998 ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ የአሰብ መንገድ ባንድ ጊዜ ተዘጋና የኢትዮጵያ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከከተማዋ 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ በመሆኑ «ፔካ ዱዝ» የሚባለው ሠፈር የተሳቢዎች ማደሪያ ሆነ። አማርኛም እንጀራም የመኪና ኤሌክትሪሺያንም አብረው መጡ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከጭነቱ ድርሻውን ቢወስድም መንገዱን ባዶ አላደረገውም። ካሮጌዎቹ ፊያቶች ጎን ኢቬኮ፣ ቮልቮና ሲኖትራክ ተሰልፈዋል። በአጭሩ፣ በጅቡቲ መንገድ ላይ የሌሊት ሾፌር መብዛቱና የክሩስኮቶ መብራት ጉዳይ መሆኑ ያንድ ትውልድ ዕድሜ ያለው ታሪክ ነው።

ይህች አምፖል የምትደበዝዘው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ሰው ከሚገምተው ቦታ አይደለም። በአምፖሉ ውስጥ ያለው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ግሎ ሲያበራ በጥቂት በጥቂቱ ይተናል፤ ተኖም ከመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ጥላሸት ይለጠፋል። ያሮጌ ክሩስኮቶ አምፖል አውጥቶ በቀን ብርሃን የተመለከተ ሰው መስታወቱ ጠቁሮ ያገኘዋል። በዚህ ላይ የኤሌክትሪኩ ነገር አለ። አምፖል የሚደርሰው ቮልቴጅ ባሥር በመቶ ቢቀንስ ብርሃኑ የሚቀንሰው ባሥር በመቶ ሳይሆን በ30 በመቶ ገደማ ነው። የባሕር ጨዋማ አየር ሶኬቱን አዝጎት፣ የአካሉ መሬት የሚባለው ገመድ ላልቶ ከሆነ፣ አዲስ አምፖል ቢገባም ያው ድብዝዝ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ አምፖል ከመቀየር በፊት ሶኬቱንና ገመዱን ማጽዳት ይበልጥ ይጠቅማል፤ ወጪውም የብርጭቆ ወረቀት ዋጋ ብቻ ነው። አምፖሉ ራሱ የሚያወጣው ሙቀትም ለዓመታት ከፊቱ ያለውን ባለቀለም ፕላስቲክ አድርቆ ያጠይመዋል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ሾፌሮች ግን ሲነገራቸው አይወዱትም። የስድሳ ዓመት ሰው ዓይን እስከ ውስጠኛው ሬቲና የሚያሳልፈው ብርሃን የሃያ ዓመቱ ወጣት ከሚያሳልፈው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው ይባላል። ሠላሳ ዓመት መሪ የያዘ ሰው «ይህ መኪና ድሮ እንዲህ አልነበረም» ሲል ግማሹ እውነት የመኪናው፣ ግማሹ የራሱ ነው።

መፍትሔ ተብሎ በየመኪና ዕቃ መሸጫው በትንንሽ ላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ኤል.ኢ.ዲ. ከየት መጣ? የሚገርመው፣ ታሪኩ የሚጀምረው ያው ቤንትሊ ከጅቡቲ በተነሣበት ዓመት ነው። በየካቲት 1907 ሄንሪ ራውንድ የተባለ የማርኮኒ ኩባንያ መሐንዲስ በካርቦረንደም ድንጋይ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ቢጫ ብርሃን ማየቱን ባጭር ማስታወሻ ለአንድ የኤሌክትሪክ መጽሔት ጻፈ። የሚነድድ ነገር ሳይኖር፣ የጋለ ሽቦም ሳይኖር ብርሃን ታየ ማለት ነው። ሰው አላስተዋለውም። በ1920ዎቹ ሩሲያዊው ኦሌግ ሎሴቭ ነገሩን በራሱ ደርሶበት በሰፊው አጠናው፤ እርሱም ሰሚ አላገኘም፤ በ1942 በሌኒንግራድ ከበባ ጊዜ በረሃብ ሞተ። ለሥራ የሚሆነውን ቀይ ኤል.ኢ.ዲ. በ1962 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ የሠራው ኒክ ሆሎንያክ ነው።

ቀይ ነበረ፤ ቢጫና አረንጓዴም ተከተሉ፤ ሰማያዊው ግን ለሠላሳ ዓመታት አስቸገረ። ሰማያዊ ከሌለ ደግሞ ነጭ የለም። በዚህ ላይ የደከሙት ሦስት ጃፓናዊ ተወላጆች ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ናቸው። ናካሙራ በ1993 ኒቺያ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ብሩህ የሆነውን ሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ለዓለም አሳየ። በ1996 ያንኑ ሰማያዊ በቢጫ ፎስፈር በመሸፈን ነጩ ተገኘ። በ2014 ሦስቱም የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ለመኪና ወዳጆች የሚጥመው ነገር፣ ከአካሳኪ ጋር ሆኖ ሰማያዊውን ኤል.ኢ.ዲ. ለገበያ ለማድረስ የሠራው ቶዮዳ ጎሴይ የተባለው ኩባንያ መሆኑ ነው። ይህ ድርጅት የቶዮታ ቤተሰብ ሲሆን ዋና ሥራው ላስቲክና መሪ መሥራት ነበር። ዛሬ በከተማችን ባሮጌ ላንድክሩዘር ክሩስኮቶ ውስጥ የሚገባው ኤል.ኢ.ዲ. እንግዲህ ወደ ዘመዶቹ ቤት እንደ መግባት ነው።

በመኪና ገበታ ላይ ኤል.ኢ.ዲ.ን በድፍረት የሞከረችው የእንግሊዟ አስተን ማርቲን ላጎንዳ ናት። በ1976 ለዕይታ ስትቀርብ ጌጆቿ በሙሉ በቀይ ቁጥር የሚያበሩ ነበሩ። ዓለም ተደነቀ፤ ገበታው ግን መበላሸት አበዛ፤ አምራቹም ኋላ በሌላ ዓይነት ለወጠው። ከዚያ በኋላ ቴክኖሎጂው እያደር ረክሶ ከቅንጦት መኪና ወደ ተራው ወረደ። ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣ አዲስ መኪና ከሞላ ጎደል ሁሉም ሽቦ አምፖል የለበትም፤ ብዙዎቹም ጌጁን ትተው ስክሪን ሆነዋል። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በጅቡቲ ወደብ የሚወርዱት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሁሉ እንዲህ ያሉ ናቸው። ለእነርሱ ይህ ጽሑፍ አይመለከትም።

የሚመለከተው ያሮጌውን ባለቤት ነው፤ እርሱም ዛሬም ብዙ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ገበታው ይፈታል፤ ከጀርባው ሩብ ዙር እየተጠመዘዘ የሚወጣው ሶኬት ይወጣል፤ የድሮው አምፖል ተነቅሎ ኤል.ኢ.ዲ.ው ይሰካል። ሻጩ «ኤሌክትሪክ ይቆጥባል» ይላል። ይህን ግን አልቀበለውም። አምስት ስድስት አምፖሎች አንድ ላይ ሆነው የሚበሉት ከሃያ ዋት የማይበልጥ ስለሆነ፣ የፊት መብራት ብቻ መቶ ዋት በላይ በሚወስድበት መኪና ላይ ቁጠባው አይሰማም። እውነተኛው ጥቅም ሌላ ነው፤ ፕላስቲኩን የሚያጠይመው ሙቀት ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ጥቂት ሲወርድም ብርሃኑ እንደ ሽቦው አምፖል አያሽቆለቁልም፤ በመልካም ሁኔታ ከተያዘም ዕድሜው ረጅም ነው።

«በመልካም ሁኔታ» ያልሁት ያለምክንያት አይደለም። ኤል.ኢ.ዲ. ራሱ ብዙ ሙቀት ባያወጣም ሙቀትን ይጠላል። በሐምሌ ቀትር ጅቡቲ ውስጥ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ገበታ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ርካሹ ኤል.ኢ.ዲ. እዚያ ሲጠበስ ከርሞ ነጭነቱን ያጣል፤ ወይም ማታ ማታ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሌላው የ12 እና የ24 ቮልት ጉዳይ ነው። የቤት መኪናው 12፣ ተሳቢው 24 ስለሆነ ለ12 የተሠራውን በ24ቱ ላይ የሰካ ወዲያው ያቃጥለዋል። ኤል.ኢ.ዲ. አቅጣጫም ያውቃል፤ ተገልብጦ ከተሰካ አይበራም፤ አውጥቶ ማዞር ይበቃል። የሽቦው አምፖል ብርሃኑን በዙሪያው ስለሚረጭ ፋብሪካው የገበታውን ጀርባ ነጭ ቀብቶ በዚያ ነጸብራቅ ይጠቀም ነበር። ወደ ፊት ብቻ የሚያበራ ኤል.ኢ.ዲ. ሲገባ ግን መሀሉ እንደ ኮከብ ያበራና ዳሩ ይጨልማል፤ ስድሳ በግልጽ ይነበብና መቶ ሃያ አይታይም። ለዚህ ሲባል በጎንና በጎን የሚያበሩ ተሠርተዋል፤ ትንሽ ይወደዳሉ፤ የሚገባቸውም ዋጋ ነው። መብራት መቀነሻዋ ቁልፍም ባሮጌ መኪና ላይ የተሠራችው ለሽቦ አምፖል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለኤል.ኢ.ዲ. አትታዘዝም፤ ወይ ሙሉ ይበራል ወይ ይጠፋል።

ይህም ወደ ቀለሙ ጉዳይ ያደርሰናል። በወጣት ሾፌሮች ዘንድ ሰማያዊው ተወዳጅ ነው። በጋቢናው ውስጥ ከቅዱሳን ሥዕልና ከአርቴፊሻል አበባ ጋር ሲታይ ማማሩን አልክድም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፎልክስዋገን ሰማያዊ ገበታ በቀይ ቀስት አድርጎ ካወጣ ወዲህ ፋሽን ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን የሰው ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ያንን ልምድ በቶሎ የሚያፈርሰው ወደ ሰማያዊ ያደላ ብርሃን ሲሆን ቀዩ ግን እምብዛም አይነካውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላንና በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ቀይ መብራት የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቢ.ኤም.ደብሊውም ለብዙ ዓመታት ገበታውን ወደ ብርቱካን ባደላ ቀይ ሲያበራ ኖሯል። የስዊድኑ ሳብ እንዲያውም በ1990ዎቹ ሾፌሩ ከፈለገ ከፍጥነት መቁጠሪያው በቀር ሌላውን ሁሉ የሚያጠፋ ቁልፍ አበጅቶ ነበር። ከዲኪል እስከ ጋላፊ ባለው ጨለማ ውስጥ ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ቀድሞ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚበጀው ደመቅ ያለ ገበታ ሳይሆን የሚነበብ ገበታ ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ ለስላሳ ነጭ፣ ወይም ብርቱካን ቀለም፣ ሁለቱንም ያስማማል። ቁጥሮቹ ድሮ አረንጓዴ የነበሩ ከሆነ ፕላስቲኩ ራሱ ቀለሙን ስለሚሰጥ ነጭ ኤል.ኢ.ዲ. ማስገባት ይበቃል።

ከሁሉ ለይቶ መያዝ የሚገባ አንድ አምፖል አለ፤ የባትሪ ሥዕል ያለባት ቀይዋ። ቁልፍ ሲከፈት ትበራለች፤ ሞተር ሲነሣ ትጠፋለች። ብዙ ሰው ምልክት ብቻ ትመስለዋለች። ባሮጌ መኪኖች ላይ ግን ሥራም አላት፤ ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በእርሷ በኩል አልፎ ነው ወደ ዲናሞው መጠምጠሚያ የሚደርሰውና ማግኔት አድርጎ የሚቀሰቅሰው። የሁለት ሦስት ዋት ሽቦ አምፖል ለዚህ የሚበቃ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች። ኤል.ኢ.ዲ. የሚያሳልፈው ያንን አሥር እጅ ያህል የሚያንስ ነው። ክሩስኮቶውን በሙሉ በኤል.ኢ.ዲ. ያስቀየረ ሾፌር ታዲያ ዲናሞው ቻርጅ ማድረግ ሊያቆም ይችላል። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር አይነሣም፤ ነዳጅ ሲረገጥ አንዳንዴ ይነሣል፤ አንዳንዴም ጨርሶ እምቢ ይላል። ችግሩ በከተማ ውስጥ ላይታይ ይችላል። ከጥቂት ሰዓት የሌሊት ጉዞ በኋላ ግን ባትሪው ያልቅና የፊት መብራቱ እየቀላ እየቀላ ይሄዳል። ዲናሞ ተበላሸ ተብሎ ይፈታል፣ ይጠገናል፣ ይገዛል፤ ጥፋቱ ግን ያለው ከገበታው ጀርባ ነው። ነገሩን የሚያውቁ ኤሌክትሪሺያኖች ክሩስኮቶውን ሁሉ ከቀየሩ በኋላ ለዚያች ለአንዷ ሶኬት የድሮውን ላምፓዲና መልሰው ይሰካሉ፤ ወይም ከኤል.ኢ.ዲ.ው ጎን ተመጣጣኝ ሬዚስተር ያስገባሉ። ገበታ የሚያስቀይር ሰው ስለዚህ መኪናውን ከመረከቡ በፊት ሞተር አስነሥቶ፣ የፊት መብራቱን አብርቶ፣ በባትሪው ጫፎች መካከል በቴስተር ያስለካ። የሚነበበው በ12 ቮልቱ መኪና ላይ 14 አካባቢ፣ በ24 ቮልቱ ላይ 28 አካባቢ መሆን አለበት።